ኮዬ ከጌጫ ይርቃል

ከንጋቱ 11:30። ኮዬ ፈጬ። ሰልፉ ከኮንዶሚኒየሙ አጥር ተነስቶ፣ ጥግ ዞሮ፣ ዳቦ ቤቱን አልፏል። እኔ ሠላሳ አራተኛ ነኝ። ቆጥሬያለሁ፤ መቁጠር የሙያ በሽታዬ ነው። ሚኒባስ በሕጉ 12 ሰው ይጭናል፣ ስለዚህ የምሳፈረው በሦስተኛው መኪና ነው። ሦስተኛው መኪና መቼ ይመጣል? እዚህ ሰልፍ ላይ ያንን የሚያውቅ ሰው የለም። ተራ አስከባሪው አያውቅም። ረዳቱ አያውቅም። ታፔላውን የሰጠው መሥሪያ ቤትም የሚያውቅ አይመስለኝም።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ጥያቄ ነው። ስለ መንገድ መጣበብ አይደለም፣ ስለ ሹፌሮች ፀባይ አይደለም፣ «ሕዝቡ በዛ» የሚለውን የድሮ ዘፈን ለመድገምም አይደለም። ክርክሬ አጭር ነው፦ በዋና ከተማችን ዙሪያ ባሉ ከተሞች የሚኖር ሰው ከቤቱ እስከ ሥራው ለሚያደርገው ጉዞ ኃላፊነት ያለበት አንድም አካል የለም። ለመሬቱ ባለቤት አለው። ለአስፋልቱ ባለቤት አለው። ለታክሲው ማኅበር አለው። ለጉዞው ግን ማንም የለውም። ማንም የለውም ስላችሁ ደግሞ ማጋነኔ አይደለም፤ ወረድ ብዬ አሳያችኋለሁ።

መኪና ጥቂት፣ ሹፌሩ የታወቀ

ያደግኩት ጌጫ ነው። አብዛኞቻችሁ አታውቋትም፣ አልፈርድባችሁም። ሸካ ዞን፣ አንድራቻ ወረዳ፣ ከማሻ ወደ ቴፒ በሚወርደው መንገድ ላይ ያለች ደገኛ ከተማ ናት። ላይ ላዩን እንሰትና ቀርከሃ፣ ወደ ቴፒ ቁልቁል ስትወርዱ ደግሞ ቡና። ዝናብ ሲይዝ ሳምንት ሙሉ አይለቅም። ደኑን ዩኔስኮ በ2004 የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ መዝግቦታል። እኛ ግን ልጆች ሆነን ደኑን የምናውቀው በማር ነው፣ መንገዱን ደግሞ በመጠበቅ።

መጠበቅ ስላችሁ የምሬን ነው። ቴፒ ለመውረድ አይሱዙ የምንጠብቅበት ዘመን ነበር። ጠዋት ወጥተን እኩለ ቀን ድረስ እንቀመጣለን። ጌጫን ላቆነጃት አልፈልግም፦ በቃሬዛ ተይዛ ወርዳ ሆስፒታል ሳትደርስ የቀረች ወላድ የምናውቅ ሰዎች ነን። ርቀት ምን እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው አያስፈልገኝም።

ግን አንድ ነገር ነበረን። ሹፌሩን እናውቀዋለን። ጠዋት ካልመጣ የት እንደተበላሸበት እኩለ ቀን ሳይሞላ ወሬው ይደርሳል። የታመመ ሰው ካለ ይጠብቃል። ዋጋ አላግባብ ከጨመረ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ አባቴ ይጠይቀዋል፤ «ምነው ልጄ፣ ደህና አይደለህም እንዴ?» ይለዋል፣ ልጁም ያፍራል። መኪና ጥቂት ነበር። የሚጠየቅ ሰው ግን ነበር።

ኮዬ ላይ መኪናው ብዙ ነው። ሚኒባሱ፣ ሀይገሩ፣ ባጃጁ፣ የራይድ መኪናው። የሚጠየቅ ሰው የለም። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ አቋርጬ፣ መጀመሪያ ስመጣ ጅማ አድሬ፣ ዋና ከተማ ገባሁ ብዬ የተቀመጥኩበት ቦታ በዚህ መለኪያ ከጌጫ ይርቃል። አባባሌ አሽሙር አይደለም። በስልኬ የያዝኩት መዝገብ አለ።

የአንድ ወር መዝገብ

ቢሮዬ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ነው። ለአንድ ወር፣ ለ22 የሥራ ቀናት፣ እያንዳንዷን ደቂቃ መዘገብኩ። ሰልፍ የያዝኩበት ሰዓት፣ የተሳፈርኩበት፣ መኪናው የተንቀሳቀሰበት፣ የወረድኩበት። ጥናት ነው አልልም፣ የአንድ ሰው ማስታወሻ ነው። ግን እናንተም የምታውቁትን ነው የነገረኝ።

በአማካይ ለመሄድ ሁለት ሰዓት፣ ለመመለስ ሁለት ሰዓት። በ22 ቀን 88 ሰዓት። በስምንት ሰዓት የሥራ ቀን ብታካፍሉት 11 ቀን። በየወሩ ማንም የማይከፍለኝ 11 የሥራ ቀን መንገድ ላይ እሠራለሁ ማለት ነው።

ይህ ግን አይደለም የገረመኝ። የገረመኝ ሁለተኛው ዓምድ ነው። ከሁለቱ ሰዓት ውስጥ መኪናው በትክክል የሚንቀሳቀስበት ጊዜ ሃምሳ ደቂቃ ገደማ ነው። የቀረው መጠበቅ ነው፦ ሰልፍ፣ መኪናው እስኪሞላ፣ ወርዶ ሌላ ሰልፍ፣ እንደገና እስኪሞላ። ቀጥታ መስመር ተብሎ ታፔላ የተሰቀለለት ታክሲ ግማሽ መንገድ ላይ «እዚህ ነው የምናቆመው» ይላል፤ መንገድ ማቆራረጥ ይሉታል። አንዱ ጉዞ ሁለት ይሆናል፣ ሁለት ሂሳብ ይከፈላል፣ ሁለት ሰልፍ ይያዛል።

እንግዲህ ፕሮግራመር የሆነ ሰው ይህን ሲያይ ምን ይላል? ሲስተሙ የዘገየው ፕሮሰሰሩ ስለደከመ አይደለም። ሥራው ወረፋ ላይ ተኝቶ ነው። ወረፋ ላይ ለተኛ ሥራ ፈጣን ፕሮሰሰር ብትገዙለት ምንም አይለወጥም። ከተማችን ግን በየዓመቱ የምትገዛው ፈጣን ፕሮሰሰር ነው፦ ሰፊ አስፋልት፣ ማሳለጫ፣ ድልድይ። ወረፋው እዚያው ተኝቷል።

ቤቱ ለምን ረከሰ?

የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም በአዲስ አበባ የተጀመረው በ1990ዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። የሙከራ ቤቶቹ ገርጂ ተሠሩ። ገርጂ! ቦሌ አጠገብ። ከዚያ ጎተራ። ከዚያ ጀሞ፣ አያት፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ። ዝርዝሩን በካርታ ላይ በጣታችሁ ተከተሉት፦ በየዙሩ ከመሃል እየራቀ፣ ወደ ዳር እየወጣ ይሄዳል። ምክንያቱ ምስጢር አይደለም። ዳር ላይ መሬት ይገኛል፣ መሬቱም ርካሽ ነው።

ርካሽ ለማን? ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ አላየሁም። የቤቱ ዋጋ ዝቅ ያለው ልዩነቱን ነዋሪው በየቀኑ በታክሲ ስለሚከፍለው ነው። መሃል ከተማ ላለ ቤት አንድ ጊዜ የሚከፈለው፣ ዳር ላይ ላለው ቤት በየጠዋቱና በየማታው፣ በሳንቲም በሳንቲም፣ በእንቅልፍ፣ በልጅ ቁርስ ይከፈላል። ባንክ ያለው ዕዳ በሃያ ዓመት ያልቃል። የታክሲው ዕዳ ማለቂያ የለውም። ቤንዚን ሲጨምር ደግሞ ይጨምራል፤ በታህሳስ 2017 መጨረሻ ሊትሩ ከ100 ብር ሲያልፍ ባንክ ያለው ውሌ አንድ መስመር አልተቀየረም፣ ኪሴ ግን ተቀየረ። ከኔ በላይ ደግሞ የተከራየው ሰው አለ፤ ዕጣው ያልወጣለት፣ መሃል ከተማ ኪራይ ሲያባርረው እዚህ የደረሰ። እኔ ራሴ ከነሱ አንዱ ሆኜ ነው የጀመርኩት።

በቁልፍ ርክክብ ቀን ፎቶ ይነሳል። ቁልፉ አለ፣ ኬኩ አለ። አውቶብሱ የለም። አንድ ሕንፃ ውኃና መብራት ሳይገባለት ነዋሪ አይግባበት ብንል ሁላችንም እንስማማለን። መብራት የሌለው ቤት ቤት አይደለም የምንል ሰዎች፣ መድረሻ የሌለውን ቤት ግን ቤት ብለን ዕጣ እናወጣለን።

ባቡሩ የሚያልቅበት ቦታ

ቀላል ባቡሩን አስታውሱ። መስከረም 2008 ላይ ሥራ ሲጀምር ገና ተማሪ ነበርኩ፤ ቴፒ ካምፓስ ዶርም ውስጥ በስልክ ቪዲዮውን እየተቀባበልን አየነው። 475 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት፣ 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተበደርነው። ሁለት መስመር፦ ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ።

አያት፣ ጦር ኃይሎች፣ ቃሊቲ። የመጨረሻ ጣቢያዎቹን ልብ በሉ። ባቡሩ የሚያልቀው በጣም የሚፈልገው ሰው የሚጀምርበት ቦታ ላይ ነው። ከአያት ባሻገር ለገጣፎ አለ። ከጦር ኃይሎች ባሻገር ቡራዩ፣ ዓለም ገናና ሰበታ አሉ። ከቃሊቲ ባሻገር ገላን፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ። ከምኒልክ አደባባይ በእንጦጦ ማዶ ሱሉልታ። የአንድ ሰዓት መንገድ የሚጠብቃቸው ሰዎች በሙሉ ከባቡሩ ጫፍ ወዲያ ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ከተገዙት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆሙ፣ የቀሩት ላይ ሰው እንደ ሽንኩርት ተጠቀጠቀ።

በሌላ በኩል ቱሉ ዲምቱ ላይ የአዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ይጀምራል። አንድ ቅዳሜ ጓደኛዬ በራሱ መኪና አዳማ ይዞኝ ሄደ። ከክፍያ ጣቢያው ተነስተን አዳማ ስንገባ፣ እኔ ዓርብ ማታ ከቦሌ ቤቴ ለመድረስ ከፈጀብኝ ግማሹን ሰዓት አልፈጀብንም። መኪና ላለው ሰው አዳማ የኮዬ ሰፈር ናት። መኪና ለሌለው ኮዬ ክፍለ ሀገር ነው። ይህ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። ገንዘቡ የት እንዲሄድ የወሰነ ሰው አለ።

አውቶብሱ የሚያውቀው መስመር

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፣ ማንም መንካት ወደማይፈልገው።

አዲስ አበባ አንድ አስተዳደር ነው፣ ዙሪያው ኦሮሚያ ነው። በ2015 የኦሮሚያ ክልል ቡራዩን፣ ሰበታን፣ ሱሉልታን፣ ለገጣፎ ለገዳዲን፣ ገላንን አንድ አድርጎ ሸገር ከተማን አቋቋመ፣ በ12 ክፍለ ከተማ። የኮዬ ፈጬን ጉዳይ ታስታውሳላችሁ፤ የካቲት 2011 ዕጣ ሲወጣ ተቃውሞ ተነሳ፣ በነሐሴ 2014 በተደረገው የወሰን ስምምነት ወደ ኦሮሚያ ተካለለ። እኔ ይህን መስመር ማን በትክክል አሰመረ ለማለት አልመጣሁም። ከኔ የሚበልጥ ቁስል ያለበት ጉዳይ ነው። በ2006 በወጣው የአዲስ አበባና ዙሪያዋ የጋራ ማስተር ፕላን ሰበብ ስንት ወጣት እንደሞተ እናውቃለን፤ መንግሥት በጥር 2008 ትቼዋለሁ ያለው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። ገበሬው የፈራው አውቶብስ አልነበረም። መሬቱን ነው። የፈራውም ያለምክንያት አልነበረም።

ግን ከዚያ ወዲህ የሆነውን እዩ። «የጋራ» የሚለው ቃል ራሱ ተቃጠለ። መሬት የጋራ አይሁን ያልን ሰዎች፣ አብረን አውቶብሱንም ቀበርነው። የአዲስ አበባ ታክሲ ስምሪቱን ከአዲስ አበባ ያገኛል፣ የሸገር ሚኒባስ ከኦሮሚያ። ታሪፉ ለየብቻ፣ ቁጥጥሩ ለየብቻ፣ ቅሬታ የሚቀርበው ለየብቻ። ተሳፋሪው ግን አንድ ሰው ነው። ጠዋት ከአንዱ ተነስቶ ወደ ሌላው ይገባል፣ ማታ ይመለሳል። መስመሩን የሚያውቀው አውቶብሱ ነው እንጂ እግሩ አያውቀውም።

አንድ ማታ ይህን በተግባር ለማየት ሞከርኩ። ታክሲው አቆራርጦን፣ ሁለት ጊዜ አስከፍሎን፣ ጨለማ ላይ አወረደን። ሰሌዳውን ያዝኩና በማግስቱ ወደ አንዱ ቢሮ ሄድኩ። «የወረድክበት ቦታ የኛ አይደለም» አሉኝ። ወደ ሌላው ሄድኩ። «ታፔላውን የሰጠነው እኛ አይደለንም» አሉኝ። ሁለቱም ትሁት ነበሩ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ለዚህ ነው ማንም የለም ያልኳችሁ።

አንዳንዱ አንባቢ አሁን ሊቆጣ እንደሚችል አውቃለሁ፤ «ይሄ ደግሞ በጓሮ በር ማስተር ፕላኑን ሊያስገባ ነው» ይለኛል። አይደለም። መሬትና አውቶብስ ይለያያሉ። ጀርመን ውስጥ ሐምቡርግ ራሷን የቻለች ክልል ናት፣ በዙሪያዋ ደግሞ ሌሎች ሁለት ክልሎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1965 የትራንስፖርት ኅብረት አቋቋሙ፤ ዛሬ በዚያ ኅብረት ሥር ሰዎች በአንድ ትኬት ከሦስቱም ክልሎች ገብተው ይወጣሉ። ሐምቡርግ የጎረቤቷን መሬት አንድ ካሬ አልወሰደችም። ጎረቤቶቿም ማንነታቸውን አላጡም። የተስማሙት በሰዓት ሰሌዳ፣ በታሪፍና በሂሳብ ክፍፍል ላይ ብቻ ነው። ፌዴራሊዝም ማለት ክልሎች ተሳፋሪውን ድንበር ላይ አውርደው ይለያዩ ማለት ከሆነ፣ ጀርመኖቹ አልሰሙም።

ሌላም ነገር ልጨምር። ኮዬ ላይ መሬቱን ያጣው ገበሬ ልጅ ዛሬ የት ነው? ከኔ ጋር ሰልፍ ላይ ነው። አንዳንድ ጠዋት አጠገቤ ይቆማል፤ ግንባታ ላይ ነው የሚሠራው። ቤቱ የተሠራው አባቱ ገብስ ይዘራበት በነበረው መሬት ላይ ነው፣ እሱ ደግሞ ወደ ሌላ ሕንፃ ሊሄድ ታክሲ ይጠብቃል። እኔና እሱ በመሬቱ ጉዳይ ላንስማማ እንችላለን። በሦስተኛው መኪና ጉዳይ ግን ልዩነት የለንም።

የእህቴ ነገር

ይህን ክፍል ልተወው አስቤ ነበር።

ታናሽ እህቴ አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ከጌጫ መጥታ እኔ ጋ ተቀመጠች። ቃሊቲ አካባቢ ቡና የሚያበጥር ድርጅት ውስጥ ለቀማ ገባች፤ ከነጩ ጥቁሩን፣ ከደህናው የተበሳውን መለየት። ሥራው ቀላል ባይሆንም ደስ ብሏት ነበር፤ ከቴፒ የመጣ ጆንያ ሲከፈት «ሽታው ቤት ቤት ይላል» ትለኝ ነበር። እስኪ አስቡት፦ ያ ቡና ከቴፒ ተነስቶ፣ ያን ሁሉ ተራራ ወጥቶ ወርዶ፣ በቀኑ መጋዘን ይገባል። የጫነው መኪና ሰሌዳ ይታወቃል፣ ሚዛኑ ይታወቃል፣ ቢዘገይ ስልክ ይደወላል። ለቃሚዋ ግን ከኮዬ ቃሊቲ ድረስ በሰዓቱ መግባቷን የሚያረጋግጥ ነገር የለም።

ከደሞዟ ሲሶው ለትራንስፖርት ይሄድ ነበር። ማታ ከታክሲ ወርዳ እስከ ብሎካችን ያለው መንገድ መብራት የለውም፤ እኔ ስልኬን ይዤ ልቀበላት እወጣለሁ፣ እኔ ካመሸሁ ደግሞ ዳቦ ቤቱ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። አንድ ማታ ሁለት ልጆች ተከታተሏት። ቦርሳዋን ነው የወሰዱት፣ እግዚአብሔር ይመስገን ሌላ ነገር አልደረሰም። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ አትናገርም ነበር፤ ገብታ ትተኛለች።

የድርጅቱ ደንብ ሦስት ጊዜ ያረፈደ ይሰናበታል የሚል ነው። አንደኛው ቀን ዝናብ ነበር። ሁለተኛው ቀን ቤንዚን ጠፍቶ ታክሲዎቹ ማደያ ሰልፍ ላይ ነበሩ። ሦስተኛው ቀን ምንም አልነበረም፤ መኪናው ብቻ አልመጣም። ሃያ ደቂቃ። በሃያ ደቂቃ ሥራዋን አጣች።

አለቃዋ «ቀደም ብለሽ ብትነሺ ኖሮ» አላት። ከ10:30 ጀምሮ ነቅታ ነበር። አሁን ጌጫ ናት፣ እናታችን ጋ። ስደውልላት ትስቃለች፣ «ደህና ነኝ ወንድምዬ፣ አንተ ግን ተኛ እንጂ» ትለኛለች። ይህን ሁሉ ስጽፍ ማስረጃዬ መዝገቡ ብቻ አይደለም ማለቴ ነው።

«ሀገሩ ድሃ ነው» እና ሌሎች ሰበቦች

«ገንዘብ የለም» ይባላል። የምጠይቀው አብዛኛው ነገር ገንዘብ አያስፈልገውም። ሁለት መሥሪያ ቤቶች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እንዲቀመጡ ሻይ በቂ ነው። ገንዘብ አለመኖሩን የሚነግረን ሰው ደግሞ ከመስኮታችን የሚታየውን የግንባታ ክሬን አላየም።

«አውቶብስ እየተገዛ ነው» ይባላል። ጥሩ፣ ይገዛ። መቶ አውቶብስ ቢገዛና ሁሉም የከተማው ወሰን ላይ ቢመለሱ፣ እኔ ጋ የሚደርሰው ዜናው ብቻ ነው።

«ኮሪደሩን አላየህም ወይ?» የሚልም አለ። አይቻለሁ። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመር፣ መብራት። ምሳ ሰዓት ላይ ስሄድበት ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም። ግን እህቴ መብራት የፈለገችበት መንገድ እሱ አልነበረም። መሃል ከተማ ሲያምር ኪራዩ ይወደዳል፣ ኪራዩ ሲወደድ ሰው ወደ ዳር ይወጣል፣ ዳር ላይ ደግሞ ሰልፉ ይረዝማል። ውበቱን አልቃወምም። ሂሳቡ ማን ላይ እንደሚያርፍ ግን ይነገር።

«የኤሌክትሪክ መኪና ግዛ» የሚሉኝ የሥራ ባልደረቦች አሉኝ፤ መንግሥት የቤንዚን አውቶሞቢል ማስገባት በ2016 ከልክሏል፣ የወደፊቱ ይሄ ነው ይሉኛል። ሰልፉ ላይ ያለነው ሰዎች ሁላችን በየፊናችን ኤሌክትሪክ መኪና ብንገዛ፣ ነገ ጠዋት ቃሊቲ አደባባይ ላይ ጭስ የሌለው ሰልፍ ይኖረናል። ልዩነቱ እሱ ብቻ ነው።

እኛ ኮድ ጻፊዎች

አሁን ደግሞ ወደ ራሴና ወደ መሰሎቼ ልዙር፣ ካልሆነ ፍርደ ገምድል እሆናለሁ።

እኛ ምን ሠራን? መኪና መጥሪያ አፕ ሠራን። አንዱ ሠራ፣ ሌላው ደገመ፣ ሦስተኛው ቀለሙን ቀየረ። ለአንድ ሰው አንድ መኪና የሚያቀርብ ሲስተም ላይ የከተማዋ ጎበዝ ፕሮግራመሮች ዓመታቸውን ጨረሱ። እኔም ከነሱ አንዱ ነኝ፤ ከዚህ በፊት በሠራሁበት ድርጅት የጻፍኩት ኮድ ዝናብ ሲዘንብ ዋጋ ይጨምር ነበር። ዝናብ! የሸካ ልጅ ሆኜ።

ሰልፍ ላይ ላለው ሰው የሠራነው ግን ኢምንት ነው። ናይሮቢ ላይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስልካቸውን ይዘው ማታቱ ውስጥ እየገቡ መስመሮቹን መዘገቡ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የመጀመሪያውን ሙሉ ካርታ ለሕዝብ አወጡት። ዳታውን ለማንም ክፍት አደረጉት። ማታቱው ያው ማታቱ ነው፣ ሹፌሩም ያው። ግን ከተማዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ጉዞ በወረቀት ላይ አየችው። ያልተጻፈ ነገር ላይ ክርክር አይነሳም። የኮዬ ሰልፍ ስንት ደቂቃ እንደሆነ የትም ስላልተጻፈ፣ ስብሰባ ላይ የሚያነሳው የለም።

አፕ ያድነናል እያልኩ አይደለም። እንደዚያ የሚል ሰው ካያችሁ ኪሳችሁን ጠብቁ። ዳታ አውቶብስ አይሆንም። «አናውቅም» የሚለውን ሰበብ ግን ያሳጣል።

ለቦንጋ፣ ለሚዛን፣ ለቴፒ

ይህን የምታነቡ የሀገሬ ልጆች «ይሄ የአዲስ አበባ ችግር ነው» ብላችሁ እንዳትገላገሉ። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ክልል ከኅዳር 2014 ጀምሮ የራሳችን ነው። ዋና ከተማ ደግሞ አንድ ሳይሆን ብዙ፦ ቦንጋ፣ ሚዛን አማን፣ ተርጫ፣ ቴፒ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ሥልጣን አንድ ቦታ አይከማች ነው። እኔም ደግፌዋለሁ።

ግን ከጌጫ የተነሳ አንድ ገበሬ ጉዳዩ ቦንጋ ነው ሲባል ቴፒ ወርዶ፣ ሚዛን አልፎ ነው የሚሄደው። ተርጫ ነው ከተባለ ደግሞ ዳውሮ ድረስ። ቢሮዎቹን ያከፋፈልነው በፍትሕ ሚዛን ነው፣ መኪናውን ግን ማንም አላከፋፈለም። ከተሞቹ ደግሞ እያደጉ ነው። ሚዛንና አማን ቀድሞ ሁለት ነበሩ፣ አሁን በስምም በቤትም ተያይዘዋል። ቴፒ ዳር ዳሩ ላይ ቡናው እየተነሳ ቤት እየበቀለ ነው። ዛሬ የቡና ጥላ ያለበት ቦታ ነገ የኮዬ ሰልፍ የሚያዝበት ነው። አዲስ አበባ ስህተቷን ለማረም ሚሊዮኖችን ማንቀሳቀስ አለባት። እናንተ ገና ወረቀት ላይ ናችሁ። መስመሩን ከቤቱ በፊት አስምሩት።

የምጠይቀው

አራት ነገር ነው።

አንደኛ፣ አዲስ አበባና ሸገር ለአውቶብስና ለታክሲ ብቻ የሚሆን አንድ የጋራ መሥሪያ ቤት ያቋቁሙ። መሬት አይንካ፣ ግብር አይንካ፣ ወሰን አይንካ። በአዋጁ የመጀመሪያ አንቀጽ ላይ ይህ ይጻፍ፣ የሚፈራው ሰው እንዲያነበው።

ሁለተኛ፣ መስመር አቋርጦ የሚሄድ ጉዞ አንድ ታሪፍ ይኑረው። ያቆራረጠ ታክሲ የሚከሰስበት አንድ ስልክ ቁጥር ይኑር፤ «የኛ አይደለም» የማይል።

ሦስተኛ፣ የአውቶብስ መስመር ያልተመደበለት ሕንፃ ቁልፍ አይሰጥበት። ከመጨረሻው ፌርማታ እስከ መጨረሻው ብሎክ ያለው መንገድ መብራት ይኑረው።

አራተኛ፣ ስምሪቱና ታሪፉ ለሕዝብ ክፍት ይሁን፣ በወረቀት ተለጥፎም በኢንተርኔትም።

ይህ ሁሉ እስኪሆን ደግሞ እናንተን አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ከሰበታም ሁኑ ከሱሉልታ፣ ከቡራዩም ከለገጣፎ፣ ነገ ጠዋት ሦስት ነገር ጻፉ፦ ሰልፍ የያዛችሁበት ሰዓት፣ የተሳፈራችሁበት ሰዓት፣ ስንት ጊዜ ወርዳችሁ እንደተሳፈራችሁ። ስም አያስፈልግም። ለአንድ ወር ያዙት፣ ለጎረቤት አሳዩት፣ የቀበሌ ስብሰባ ሲጠራ ይዛችሁት ግቡ። እኔ የራሴን በኛ ብሎክ መግቢያ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። በመጀመሪያው ቀን አንዷ እናት ቆመው አነበቡትና «ልጄ፣ የኔ ከዚህ ይብሳል፣ ጻፍልኝ» አሉኝ። ጻፍኩላቸው። አሁን ወረቀቱ ላይ አሥራ ዘጠኝ ሰው አለ።